የአየሩ ሰዓትና የቦኬ መንገድ

ከአዲስ አበባ ቦሌ የአይሮፕላን ማረፊያ እስከ ድሬዳዋ አባ ጠና ደጃዝማች ይልማ የአይሮፕላን ማረፊያ ድረስ በአየር ያለው ርቀት 343 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፤ በመንገደኛ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ቍጥር እውነት ነው፤ የአገር ሥልጣኔ ምልክትም ስለ ሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። ዳሩ ግን አንድ ቍጥር እውነት በመሆኑ ብቻ ለጠየቀው ሰው ሁሉ መልስ ይሆናል ማለት አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ የምሥራቁ አገር ጕዳይ በተነሣ ጊዜ «ሐረርጌ ምን ይርቃል፤ የአንድ ሰዓት መንገድ አይደለምን» የሚል ቃል መስማት የተለመደ ሆኗል። ይህን የሚሉት ሰዎች ክፋት አስበው አይደለም፤ ነገር ግን የሚናገሩት ስለ ሁለት ሜዳዎች ብቻ ነው። በሁለቱ ሜዳዎች መካከል ስላለው አገርና በአገሩ ላይ ስለሚኖረው ሕዝብ የተናገሩት አንዳች ነገር የለም። ስለዚህ የምዕራብ ሐረርጌን ነገር፤ ይኸውም የጭሮን፥ የሒርናን፥ የበዴሳን፥ የገለምሶን፥ የመቻራንና የቦኬን ነገር በዚህ በአንድ ሰዓት ሚዛን መመዘን ምን ያህል ስሕተት እንዳለበት በቍጥር ማስረዳት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የርቀቱን አለካክ መመልከት ደግ ነው። በሁለት የአይሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት የሚለካው ከከተማ እስከ ከተማ አይደለም። በእያንዳንዱ ማረፊያ ላይ በመዝገብ የተወሰነች አንዲት ነጥብ አለች፤ መለኪያው ከዚያች ነጥብ ተነሥቶ እስከ ሁለተኛይቱ ነጥብ በምድር ክብነት ላይ የሚሳበው አጭሩ መሥመር ነው። ይህ መሥመር ተራራ አይዞርም፤ ወንዝም ድልድይም አያውቅም። ለዚህም ምስክሩ በነዚሁ በሁለት ከተሞች መካከል ሦስት ልዩ ልዩ ርቀቶች መኖራቸው ነው። በአየር 343 ኪሎ ሜትር የሆነው መንገድ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው በአሮጌው የምድር ባቡር ሐዲድ 470 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ፤ በመኪና ጐዳና ደግሞ 515 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ «ድሬዳዋ ስንት ይርቃል» ብሎ ለጠየቀ ሰው አስቀድሞ «በምን ትሄዳለህ» ብሎ መልሶ መጠየቅ ግድ ነው። አይሮፕላን ነጂዎች ራሳቸው የሚቈጥሩት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በባሕር ማይል ነው፤ አንዱ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ስለ ሆነ በነርሱ አነጋገር ድሬዳዋ የሚርቀው 185 ማይል ብቻ ነው። ቍጥር ባነሰ መጠን አገር የቀረበ ለሚመስለው ሰው ይህ ደግሞ ሌላ ደስታ ይሆንለታል።

ጊዜውም እንዲሁ ምርመራ ያሻዋል። የዛሬው ትልቅ የመንገደኛ ጄት በከፍታ ላይ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። በዚህ ፍጥነት ቢታሰብ 343ቱ ኪሎ ሜትር 26 ደቂቃ ብቻ በፈጀ ነበር። ሰሌዳው ግን አንድ ሰዓት ይላል። ሰሌዳው የሚቈጥረው በአየር ላይ ያለውን በረራ ብቻ ሳይሆን፤ አይሮፕላኑ ከቆመበት ስፍራ ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ በደረሰበት ስፍራ እስኪቆም ድረስ ያለውን ጊዜ ሁሉ ነው። በምድር ላይ እየተንከባለለ ወደ መነሻው ጫፍ ይሄዳል፤ ተራውን ይጠብቃል፤ ተነሥቶ ይወጣል፤ ሙሉ ፍጥነቱን ካገኘ በኋላም ብዙ ሳይቈይ መውረድ ይጀምራል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ በዚያም አየሩ ሥሥ ስለ ሆነ ከባድ አይሮፕላን ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ድሬዳዋ ግን በ1,160 ሜትር ገደማ ላይ በቈላው አፍ ስለ ተቀመጠ፤ ወደ ምሥራቅ የሚበር አይሮፕላን ከወጣው ይልቅ የሚወርደው ይበልጣል። ስለዚህ በእንደዚህ ያለ አጭር መንገድ ላይ ዝግ የሚለው ባለ ፕሮፔለር አይሮፕላን እንኳ ከጄቱ ብዙ ደቂቃ ወደ ኋላ አይቀርም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በተቋቋመ ጊዜ ሥራውን የጀመረባቸው የዲሲ 3 ዓይነት አይሮፕላኖች በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዱ ነበር። በዚያ ፍጥነት ይህ መንገድ ከአንድ ሰዓት ከሩብ አያንስም። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ ወደ ሦስት እጥፍ ሲጠጋ የመንገደኛው ጊዜ ወደ ሢሶው አልወረደም። መውጣትና መውረድ፥ ተራ መጠበቅና መንከባለል ለፈጣኑም ለዝግተኛውም አንድ ናቸውና። ይህም ብቻ አይደለም። መንገደኛው ከመነሻው ሰዓት አስቀድሞ መድረስ አለበት፤ ጓዙን ማስመርመር፥ ማስመዘንና በመጨረሻም መቀበል አለበት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤቱ ተነሥቶ ቦሌ ለመድረስም የመኪናውን ብዛት መታገሥ አለበት። እንዲህ ሲሆን የአንድ ሰዓት መንገድ የተባለው በቦሌ አጠገብ ለሚኖር፥ በድሬዳዋም መካከል ጕዳይ ላለው ሰው እንኳ እኩሌታ ቀን ሊሆን ምንም አልቀረው።

ይህ ሁሉ በሁለቱ ጫፍ ላለው ሰው ነው። በመካከል ያለውስ እንዴት ይሆናል? ከቦሌ ወደ ድሬዳዋ የሚሳበው ቀጥተኛ መሥመር ከአዋሽና ከሚኤሶ ትንሽ ወደ ሰሜን ብሎ በቈላው ላይ ያልፋል። የጨርጨር ተራሮች በስተ ደቡብ ይቀራሉ፤ በተራሮቹም ላይ 1,800 ሜትር በሚያህል ከፍታ የጭሮ ከተማ አለች። ከአዲስ አበባ እስከ ጭሮ ቀጥታው ርቀት 230 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ከጭሮ እስከ ድሬዳዋ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመኪናው ጐዳና ከአዲስ አበባ እስከ ጭሮ 325 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ከጭሮ እስከ ድሬዳዋ በሒርና፥ በቁልቢና በደንገጎ በኩል ሲሄድ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

እንግዲህ የጭሮ ሰው በአይሮፕላን አዲስ አበባ ለመግባት ቢያስብ የሚያደርገው ይህ ነው። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፥ አዲስ አበባን ከጀርባው አድርጎ፥ 190 ኪሎ ሜትር የተራራ መንገድ በመኪና ይሄዳል። ድሬዳዋ ደርሶ ከተሳፈረ በኋላም 343 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ይመለሳል፤ በመንገዱም ጧት የተነሣበትን ተራራ በስተ ግራው በመስኮት ያየዋል። ድምሩ 533 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በመኪና ተሳፍሮ በቀጥታ ቢሄድ ኖሮ 325 ብቻ ነበረ። አይሮፕላኑ ለዚህ ሰው መንገዱን አላሳጠረለትም፤ ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጨመረበት እንጂ። በዚህም ምክንያት የጭሮ ሰው ለአዲስ አበባ ጕዳዩ አይሮፕላን አይሳፈርም፤ ይህም የገንዘብ ጕዳይ ብቻ አይደለም፤ በጤና አእምሮ የሚቈጥር ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።

ቦኬ ደግሞ ከጭሮ ይብሳል። ቦኬ ከታላቁ ጐዳና ወደ ደቡብ ገባ ብሎ የሚገኝ የቡና አገር ነው። ከዚያ የሚነሣ ሰው፤ የሚሄደው ወደ አዲስ አበባም ይሁን ወደ ሐረር ወይም ወደ ድሬዳዋ፤ አስቀድሞ ወደ ታላቁ ጐዳና መውጣት አለበት። በበጋ ይህ መንገድ ትዕግሥትን ብቻ ይፈልጋል። በክረምት ግን ጭቃው፥ የውኃው ሙላትና የመኪናው መጥፋት ሲጨመርበት ማለዳ የተነሣ ሰው የሚደርስበትን ሰዓት አስቀድሞ መናገር አይችልም። እንበልና አንዲት ሴት በምጥ ተይዛ በቦኬ ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ ከአቅሜ በላይ ነው ቢል ወደ ጭሮ ሐኪም ቤት ይልካታል። የጭሮው ሐኪም ደግሞ የበለጠ ሕክምና ያሻታል ቢል ሐረር ወዳለው ወደ ሕይወት ፋና ሐኪም ቤት ትሄዳለች። ይህች ሴት የአየሩ ሰዓት ስንት ደቂቃ እንደሚሆን አትጠይቅም። የርሷ ሰዓት የሚቈጠረው ከደጃፏ እስከ ጭሮ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ነፍሷም ልጇም የሚድኑት ወይም የሚጠፉት በዚያው መንገድ ላይ ነው። የምዕራብ ሐረርጌን ሩቅነት ወይም ቅርብነት ለማወቅ የሚፈልግ ሹም ሰዓቱን አውጥቶ መቍጠር የሚገባው ከዚህ ላይ ጀምሮ ነው።

ስለ ንግዱም ቢሆን እንደዚሁ ነው። የሐረርጌ ቡና ከነገለፈቱ በፀሓይ የሚደርቅ ስለ ሆነ በመንገድ ቢዘገይ ይታገሣል፤ ከጭሮ ወይም ከበዴሳ በካሚዮን ተጭኖ ድሬዳዋ ቢገባ አንድ ቀን ቢያድር ጕዳቱ ጥቂት ነው። ጫት ግን አይታገሥም። ስለ ጫት መልካምነትና ክፋት በዚህ ስፍራ መከራከር አያስፈልግም፤ በካህናቱም በሐኪሞቹም ዘንድ ብዙ የተባለበት ነገር ነው። ነገር ግን ቅጠሉ ከተቈረጠ ሁለት ቀን ካለፈው ዋጋ እንደሌለው ገበሬው ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ጫት ሆኖ ያለው ነገር ነገ አትክልት፥ ፍራፍሬ ወይም ወተት ሊሆን ይችላል። የሚበላሽ ሸቀጥ ያለው አገር ከአይሮፕላን ማረፊያ የሚጠቀመው ወደ ማረፊያው የሚወስደው መንገድ ፈጣን የሆነለት እንደ ሆነ ብቻ ነው። ማረፊያው ራሱ ቢሰፋ፥ ሕንጻው ቢያምር፥ መብራቱ ቢበዛ፤ ለቦኬ ገበሬ አንዲት ሰዓት እንኳ አይጨምርለትም፤ አይቀንስለትምም።

የመንገዱን ታሪክ የተመለከተ ሰው ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ያያል። መጓጓዣው እየፈጠነ በሄደ ቍጥር ከጨርጨር ሕዝብ እየራቀ መሄዱ ነው። በበቅሎ ዘመን ከሸዋ ወደ ሐረር የሚሄደው አንዱ መንገድ በጨርጨር ደጋ ላይ ያልፍ ነበር። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከአገሩ ሰው ከዡል ቦረሊ ጋራ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ተነሥተው ሐረር ለመድረስ በዚሁ በደጋው በኩል ሦስት ሳምንት ያህል ተጕዘዋል። ሦስት ሳምንት ረጅም ነው፤ ነገር ግን መንገደኛው በየመንደሩ ያድራል፤ ስንቅ ይገዛል፤ ወሬ ይቀባበላል፤ አገሬውም ከመንገዱ ተጠቃሚ ነው። የምድር ባቡር በመጣ ጊዜ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ሐዲዱ ደጋውን ትቶ በቈላው ሄደ። ለጨርጨር የቀረለት በተራራው ግርጌ ያለው የሚኤሶ ጣቢያ ነው። በኋላም ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሆነው አውራጃው ለሌሎች አርአያ እንዲሆን ሲደክሙ፥ ለአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን መታሰቢያ አሰበ ተፈሪ የተባለችውም ከተማ በተራራው ላይ ስታድግ፤ ከተማዪቱ ከባቡሩ ጋራ የምትገናኘው ወደ ሚኤሶ በመውረድ ነበር። ባቡር ቢያንስ በግርጌው ይቆም ነበር። አይሮፕላን ግን በአጠገቡ በሰማይ ያልፋል እንጂ አይቆምም። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን የጀመረው በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡርም የአሮጌውን ፈለግ ተከትሎ በቈላው በሚኤሶ በኩል ነው የሚያልፈው። ከፈጣኖቹ መካከል በጨርጨር ደጋ ላይ ወጥቶ በጭሮ መካከል የሚያልፍ የመኪናው ጐዳና ብቻ ነው።

የቀደሙት አባቶች ርቀትን ሲናገሩ በአብዛኛው የሚናገሩት በሰው ድካም ነበር። በመጽሐፍ ነነዌ የሦስት ቀን መንገድ ናት፤ ደብረ ዘይትም ከኢየሩሳሌም የሚርቀው የሰንበት መንገድ ያህል ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው በሰንበት ቀን ሕግ ሳያፈርስ ሊራመድ የሚችለው ሁለት ሺሕ ክንድ ገደማ ነው። ይህ አለካክ ለመሐንዲስ አይመችም፤ ነገር ግን መንገደኛውን አይረሳውም። እንዲሁም በሐዋርያት ሥራ ሁለት መንገደኞች ከአንድ ስፍራ ሲለያዩ ይታያል። ፊልጶስን መንፈስ ቅዱስ ነጥቆ በአዛጦን አደረገው፤ የሕንደኬ ንግሥት ጃንደረባ ግን በሠረገላው ላይ ሆኖ የጋዛን መንገድ ያዘ። ኢትዮጵያዊው ሠረገላ ላይ የነበረው ነው። ወደ አገሩ የሚወስደውን ረጅሙን መንገድ በምድር ተጕዞ፥ ያገኘውን ነገር ይዞ መግባት የርሱ ድርሻ ሆነ። ይህ የተነሣው ቅዱሱን ታሪክ ከሥጋዊ ነገር ጋራ ለማመሳሰል አይደለም፤ በምድር የሚሄደውን ሰው መርሳት የማይገባ መሆኑን ካህናቱ ከማንም ይልቅ ስለሚያውቁት ነው።

ለዚህ ነገር በያመቱ የሚታይ ሌላ ምሳሌ አለ። ልዑል ራስ መኰንን ባሠሩት በቁልቢ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ብዙ ሕዝብ ይሰበሰባል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ተሳላሚ አቅም ያለው እንደ ሆነ በአይሮፕላን ድሬዳዋ ይወርዳል፤ ከዚያ ግን በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ደጋው ወጥቶ፥ በመጣበት አቅጣጫ ወደ ምዕራብ ተመልሶ ነው ቁልቢ የሚደርሰው። በመኪና የመጣው ተሳላሚ ደግሞ ጭሮንና ሒርናን አልፎ ይደርሳል። የበዓሉ ሰሞን ሁለቱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲገናኙ ባለ አይሮፕላኑ «በአንድ ሰዓት መጣሁ» ይላል። የተራራውን መንገድ፥ የመኪናውን ሰልፍና ድሬዳዋ ላይ ተሽከርካሪ ሲፈልግ ያጠፋውን ጊዜ አይቈጥረውም። ሰው ለራሱ ሲናገር እንዲህ ቢል ጕዳት የለውም። መንግሥት ለሕዝብ ዕቅድ ሲያወጣ እንዲህ ያለ ጊዜ ግን ጕዳት አለው።

«እንግዲያውስ በጭሮ የአይሮፕላን ማረፊያ ይሠራ» የሚል ሐሳብ ይነሣ ይሆናል። ሐሳቡ ከአገር ፍቅር የሚመጣ ስለ ሆነ በንቀት ሊታይ አይገባውም። ነገር ግን ሒሳቡ አይረዳውም። ከአዲስ አበባ እስከ ጭሮ 230 ኪሎ ሜትር በአየር ቢበሩ ከላይ እንደ ተገለጠው መውጣትና መውረዱ አብዛኛውን ጊዜ ይበላዋል፤ ከበረራው በፊትና በኋላ የሚባክነው ሰዓት ሲጨመርበት ከመልካም የመኪና ጐዳና የሚተርፈው ጥቂት ነው። በተራራማ አገር ሰፊና ደልዳላ ሜዳ ለማዘጋጀት የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ቀላል አይደለም። በዓለም ላይ ትናንሽ ማረፊያዎችን አብዝተው የተጠቀሙ አገሮች አሉ። ኖርዌይ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በባሕር ዳርቻዋ ለትናንሽ አይሮፕላኖች አጫጭር ሜዳዎች ሠርታለች፤ ብዙ ጥቅምም አግኝታበታለች። ነገር ግን በዚያ አገር ባሕሩ ምድሩን በየስፍራው ሰንጥቆ ስለ ገባ፤ ከመንደር ወደ መንደር ለመሄድ ወይም በመርከብ መሻገር ወይም ብዙ ቀለበት መዞር ግድ ነበር። የጨርጨር ደጋ ባሕር አልሰነጠቀውም። ጭሮ ታላቁ ጐዳና በመካከሏ የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ የጐደለው ከዚያ ጐዳና ወደ ደቡብ የሚገባው መንገድ ነው። ለሕሙማንና ለድንገተኛ አደጋ አነስተኛ አይሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር የሚያርፍበት የተጠረገ ስፍራ በየአውራጃው ማዘጋጀት ሌላ ነገር ነው፤ ወጪው ቀላል ስለ ሆነ ቢታሰብበት ይጠቅማል። በጭሮ የመንገደኛ ማረፊያ ከመሥራት በፊት ግን ከቦኬ የሚመጣው ሰው ክረምት ከበጋ ጭሮ መድረስ መቻል አለበት። ያለዚያ አዲሱ ማረፊያ ለጭሮ ሹማምንትና ነጋዴዎች ብቻ ይሆናል፤ ለቦኬም የሚኖረው ትርፍ በስተ ሰሜን የሚያልፈውን የአይሮፕላን ድምፅ ከበፊቱ ቀርቦ መስማት ብቻ ይሆናል።

የነገሩ ችግር የሚብሰው ደግሞ የአንዱ መንገደኛ መንገድ በብዙ ባለቤቶች መከፋፈሉ ነው። አይሮፕላኑና ማረፊያው በአንድ እጅ ናቸው፤ በ2009 ዓ.ም. የአይሮፕላን ማረፊያዎቹ ድርጅት ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋራ እንዲዋሐድ ተደርጓልና። ታላቁ ጐዳና በኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር እጅ ነው። ወደ ወረዳ የሚገባው መንገድ የክልሉ ነው፤ ወደ ቀበሌ የሚገባው ደግሞ የወረዳው ድካም ነው። እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ቍራጭ ይለካል፤ የራሱንም ሪፖርት ያቀርባል። አየር መንገዱ «አይሮፕላኔ በሰዓቱ ደረሰ» ቢል እውነቱን ነው። የጐዳናው ሹም «አስፋልቱ ደኅና ነው» ቢል እርሱም እውነቱን ሊሆን ይችላል። ከቦኬ የተነሣው ሰው ግን መንገዱ አንድ ነው፤ ከቍራጮቹ አንደኛው የተሰበረ እንደ ሆነ የሌሎቹ ደኅንነት አይጠቅመውም። ጠቅላላውን መንገድ ከደጃፍ እስከ መድረሻ በአንድ መዝገብ ላይ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ሊኖር ይገባል።

ይህም አዲስ ፈጠራ አይደለም። የዓለም ባንክ የገጠር ሕዝብን የመንገድ ዕድል የሚመዝነው፤ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ድረስ ቀርቦ የሚኖረው ሕዝብ ከመቶ ስንት ነው ብሎ በመጠየቅ ነው። ኢትዮጵያም በመንገድ ልማት ፕሮግራሟ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው የአገሩ ስፋት ምን ያህል ነው እያለች ስትለካ ቈይታለች፤ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህም ቀበሌዎችን ሁሉ በመንገድ ለማገናኘት ሰፊ ሥራ ተጀምሯል። እነዚህ መለኪያዎች የሚነሡት ከሰው ነው፤ ከሜዳ አይደለም። ስለዚህ በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ሰነድ ላይ በያንዳንዱ ወረዳ ስም አንጻር ሁለት ቍጥር ቢጻፍ ታላቅ ነገር ይሆናል። አንደኛው ከወረዳው ዋና ከተማ እስከ ቅርቡ የአይሮፕላን ማረፊያ በበጋ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፤ ሁለተኛው በክረምት ስንት እንደሚፈጅ። ይህን ለመጻፍ መሐንዲስ መቅጠር አያስፈልግም፤ በየሳምንቱ የሚመላለሱት የካሚዮንና የአውቶቡስ ነጂዎች ያውቁታል። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ የሆነበት ወረዳ፤ የመንገድ ገንዘብ አስቀድሞ የሚፈልግ ወረዳ መሆኑ ያለ ሐተታ ይታወቃል። ከዚህም ጋራ ከሩቅ ወረዳ ሰው ለስብሰባ ወይም ለምስክርነት ወደ ዋናው ከተማ የሚጠራ ሹም፤ የቀጠሮውን ቀን ከመቍረጡ በፊት ይህን ሠንጠረዥ ቢመለከት የብዙ ሰው እንግልት ይቀንሳል። ዛሬ ዓርብ ተጽፎ ለሰኞ የሚጠራ ደብዳቤ የሚመጣው ጸሐፊው በአየሩ ሰዓት ስለሚያስብ ነው።

ጊዜውም ለዚህ ሥራ ይመቻል። በቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ እንዲሠራ የታቀደው ትልቁ የአይሮፕላን ማረፊያ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ መራቅ ነው፤ ለዚያም ሰው ፈጣን መንገድና ባቡር እንደሚያስፈልግ ከአሁኑ ብዙ እየተነገረ ነው። ከምሥራቅ በመኪና ለሚመጣው ሰው ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ቢሾፍቱ በአዋሽ፥ በመተሐራና በአዳማ በኩል የሚመጣው መንገደኛ አዲስ አበባ ሳይገባ የሚያገኛት ከተማ ናት። ወደ ጅዳ ለሐጅ የሚሄደው የቦኬ ሽማግሌ፥ ወይም ልጁን በውጭ አገር ለማሳከም የሚሄደው የበዴሳ ነጋዴ፤ ዛሬ ቦሌ ለመድረስ የሚያልፈውን የከተማ ግፊያ ያኔ ሳያይ ከጭሮ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከቢሾፍቱ ይደርሳል። ወደ ድሬዳዋም ዞሮ የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል። የአዲሱን ማረፊያ መንገዶች የሚያቅዱት መሐንዲሶች ካርታቸውን ሲዘረጉ በስተ ምዕራብ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ብቻ ሳይሆን፤ በስተ ምሥራቅ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ጭሮ የሚወጣውን፥ ከጭሮም ወደ ቦኬ የሚወርደውን መንገድ አብረው ቢስሉት፤ የመንገዱ ርዝመት ከሚታሰበው በላይ እንዳልሆነ ያዩታል። በዚያ መሥመር ላይ ዛሬ ብዙ ሥራ የሚቀረው የመጨረሻው ቍራጭ ነው፤ እርሱም ከሁሉ አጭሩ ነው።